ከአኒሜው ጋር የመጣው ድራማ

ሊድያ ስልኳን ደረቷ ላይ ለጥፋ ወደ ግድግዳው ተጠጋች። አለቃዋ ፍራው ቤንከ ኮሪደር ላይ ከአንድ ሾፌር ጋር ስለጠፋ ዕቃ እየተጨቃጨቀች ነው፤ ጭቅጭቁ እስካልቆመ ድረስ ጊዜ አለ። አንድ ፎቶ አነሳች። ፎቶው ስለደበዘዘ ደገመችው።

ግድግዳው ላይ የተለጠፈው የዓመቱ ዕቅድ ነው። ማርች ላይ በወፍራም ቀለም «የጨው ባቡር፣ ድራማ» ይላል፤ ወጥቷል ተብሎም ምልክት ተደርጎበታል። ኦክቶበር ላይ ደግሞ በእርሳስ «የጨው ባቡር፣ አኒሜ፣ ሁለተኛው ምዕራፍ»። ከጎኑ በቀይ፦ «እስኪፈረም ለማንም አይነገር!»

በእርሳስ ነው የተጻፈው። በእርሳስ የተጻፈ ነገር ደግሞ በላጲስ ይጠፋል፤ ሊድያ ይህን ለማወቅ ማንም እንዲያስተምራት አላስፈለጋትም።

የዘጠነኛ ክፍል ልጆች በሙሉ ለሁለት ሳምንት ፕራክቲኩም፣ ማለትም የሥራ ልምምድ፣ ወጥተዋል። ግማሾቹ ዳቦ ቤት፣ ግማሾቹ አባታቸው ያስገቧቸው ቢሮ ናቸው። ሊድያ ግን ማንም ሳይረዳት ሦስት ጊዜ ጽፋ ነው ኦስትሃፈን ሰፈር መጋዘኖች መሀል ያለው ትንሽ የአኒሜ (የጃፓን ካርቱን ፊልም) አከፋፋይ ድርጅት የተቀበላት። በመጀመሪያው ቀን አንድ ወረቀት አስፈረሟት፦ እዚህ ያየሽውን ውጭ አታወሪም። ፈረመች። ፎቶውን ያነሳችው በአራተኛው ቀን ነው።

ፎቶውን የፈለገችው ሳልማ ናት። ሁለቱም ፕሮይንገስሃይም ሰፈር አንድ ፎቅ ላይ ነው ያደጉት። የሳልማ አባት ኤርትራዊ ቢሆኑም የተማሩት አዲስ አበባ ስለሆነ ቤታቸው አማርኛ ይነገራል፤ ስለዚህ ሁለቱ ልጆች ክፍል ውስጥ ሰው ማማት ሲያምራቸው ቋንቋ አላጡም። ሳልማ ስለ «የጨው ባቡር» የምትጽፍበት ገጽ አላት፤ አራት ሺህ ተከታይ። የመጀመሪያው ምዕራፍ ባቡሩ ድልድይ ላይ ቆሞ ካለቀ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሰው ሁሉ ሁለተኛውን ሲጠብቅ ድርጅቱ ይዞ የመጣው እውነተኛ ተዋናዮች ዊግ አጥልቀው የሚሠሩትን ድራማ ነው።

«ሸጠውናል ስልሽ!» ብላ ነበር ሳልማ። «አኒሜውን ጥለው ወደ ድራማ ሊዞሩ ነው። ውስጥ ገብተሻል አይደል? ማስረጃ አምጪ።»

ማስረጃው አሁን ስልኳ ውስጥ ነው። ሳልማ የጠበቀችውን አይልም እንጂ።

በማግስቱ ሊድያ ፍራው ቤንከን ፊት ለፊት ጠየቀቻት። «የአኒሜ ድርጅት የሰው ድራማ ለምን ይገዛል?»

ፍራው ቤንከ ከኮምፒውተሩ ቀና አላለችም። «ባለቤቶቹ አንድ ናቸው። ቀጣዩን አኒሜ ስንጠይቃቸው ‹ድራማውንም አብራችሁ ውሰዱ› አሉን። ድራማው እንዴት እንደሚሄድ አይተው ነው ሌላውን የሚፈርሙት። ደግሞ ታሪኩ ያው ነው። ታሪኩን የወደደ ሰው ያየዋል ብለን ነው።»

መልሱ ፈጠነባት። ቶሎ የሚመጣ መልስ የተለማመዱት መልስ ነው፤ ሊድያ ራሷ አርፍዳ ለምትገባባቸው ቀናት ሁሉ እንዲህ ዓይነት መልስ አዘጋጅታለች።

«ሳይፈረም ቢወራስ?»

አሁን ፍራው ቤንከ ቀና አለች። «አንድ ጊዜ ተወርቶብን ያውቃል። ሳይፈርሙ ቀሩ። ለምን ጠየቅሽ?»

«ለሪፖርቴ ነው» አለች ሊድያ። ይህም መልስ ፈጠነ።

ከሰዓት መጋዘን ውስጥ የዕድሜ ገደብ ምልክት የዲስክ ሳጥኖች ላይ ስትለጥፍ የድራማውን ሳጥን ገለበጠችው። ጀርባው ላይ ማንም የማያነበው ደቃቅ ጽሑፍ አለ፦ የባለመብቶች ስም ዝርዝር። የአኒሜውን ሳጥን አምጥታ ጎን ለጎን አስቀመጠች። አንድ የመጽሐፍ አሳታሚ፣ አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ፣ አንድ የአሻንጉሊት ፋብሪካ። በዚያም እነሱ፣ በዚህም እነሱ። የተለየው አንድ ስም ብቻ ነው፤ ሥዕሉን የሣለው ስቱዲዮ።

ስለ ባለቤቶቹስ ሴትዮዋ አልዋሸችም። የቀረውንስ?

ዓርብ ማታ ዞሰንሃይም ሰፈር፣ የእናቷ አጎት ጋሼ ወንድይራድ ቤት ራት ነበር። ጋሼ ወንድይራድ ዱሮ ዋናው ባቡር ጣቢያ፣ ሀውፕትባንሆፍ፣ አጠገብ የአማርኛ ቪዲዮ ካሴት ያከራዩ ነበር። ሊድያ ስም ሳትጠራ ጠየቀቻቸው፦ የማይፈልጉትን ካሴት ገዝተው ያውቃሉ?

«እንዴ!» አሉ ማንኪያቸውን አስቀምጠው። «ያ አዲስ አበባ የነበረው ላኪ አንድ አስቂኝ ቲያትር ለመስጠት ሁለት አስለቃሽ ያሸክመኝ ነበር። ‹ካልወሰድክ ተወው› ነው። ሰው ደግሞ ‹ወንድይራድ የለቅሶ ቤት ከፈተ› ይለኛል!»

«አስለቃሾቹን ማን ተከራየ?»

«አስቂኙ ያለቀበት ሰው ነዋ። እናትሽ አንዱን ስድስት ጊዜ አይታዋለች።»

«ሰባት» አለች እናቷ ከወጥ ቤት።

«ማንም ባይወስዳቸውስ ጋሼ?»

ሽማግሌው ፈገግታቸው ቀነሰ። «አንድ ክረምት እንደዚያ ሆነ። አንዱ ሲያኮርፍ ሌላው ተከትሎ አኮረፈ። ላኪው ‹አንተ ጋ አይሄድም› ብሎ የሚቀጥለውን አስቂኝ ሽቱትጋርት ከተማ ለሚያከራየው ሰው ላከው። ደንበኞቼም ባቡር ተሳፍረው ሽቱትጋርት ሄዱ። ሞኝነት እኮ ነው፣ ልጄ። እኔን የቀጡ መስሏቸው ነበር።»

ሊድያ መልስ ከመስጠቷ በፊት ስልኳ ነዘረ። የሳልማ ገጽ ነው፦ «ድራማውን ማንም እንዳይገዛ! ማስረጃው ነገ ይወጣል።» ስድስት መቶ ሰው ወዶታል። ከሥሩ ለእሷ ብቻ የተላከ መልእክት አለ፦ «ፎቶው የታለ? ወይስ አፍሽን ዘጉት?»

ፎቶውን ከፈተችው። ብትልከው ዘመቻው ዛሬውኑ ይቆማል፤ ሳልማም ትደሰታለች። በአንድ ሰዓት ውስጥ ደግሞ አራት ሺህ ሰው ያየዋል፣ ጃፓን ያሉትም ያዩታል፣ ኦክቶበር ላይ ያለው እርሳስ ይጠፋል። ባትልከው ዘመቻው ይቀጥላል፤ ድራማው ሳይሸጥ ይቀራል፣ እርሳሱ ያው ይጠፋል። ሦስተኛም መንገድ አለ። «ምንም አላገኘሁም» ማለት። ቀላል ነው፤ ሳልማ ታምናለች፤ ቢያንስ ጓደኝነታቸው አይነካም።

መታጠቢያ ቤት ገብታ ሁለቱንም ፎቶዎች አጠፋች። ከስልኩ የቆሻሻ ቅርጫትም ጨርሳ ደመሰሰቻቸው።

ቅዳሜ ኮንስታብለርቫኸ አካባቢ ባለው የኮሚክ መደብር ተገናኙ። ሳልማ ሰላም ሳትል እጇን ዘረጋች። «ስልክሽን።»

ሊድያ ሰጠቻት። ሳልማ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ገፋች፦ ውሻ፣ ትራም፣ የጋሼ ወንድይራድ ሳህን።

«አላነሳሽም?»

አሁን መዋሸት ቀላል ነበር። 

«አንስቻለሁ። አጥፍቼዋለሁ።»

«አብደሻል?»

«ምን እንደሚል አልነግርሽም። ፈርሜያለሁ።»

«ኦ፣ ፈርሜያለሁ!» ሳልማ ድምጿን አቅጥና ደገመችው። «በአምስት ቀን ሠራተኛ ሆንሽ? ምን ሰጡሽ፣ ቲሸርት?»

«ተለጣፊ» አለች ሊድያ። ሳልማ አልሳቀችም።

ሊድያ ከመደርደሪያው ሁለቱንም ሳጥኖች አወረደች፣ አኒሜውንና ድራማውን፤ ገልብጣም አስጠጋቻቸው። «ይሄ ሚስጥር አይደለም፤ ማንም ማየት ይችላል። አንብቢ።»

ሳልማ በግድ አነበበች። ጣቷ ከአንዱ ሳጥን ወደ ሌላው ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ።

«አንድ ሰዎች ናቸው» አለች በመጨረሻ።

«ባለቤቶቹ የአኒሜው ሰዎች ናቸው። ድራማውን ስትመቺ የምትመቺው እነሱን ነው። ቀጣዩን የሚሰጡትም የሚከለክሉትም እነሱ ናቸው።»

«ቀጣይ አለ ማለት ነው?»

ሊድያ የሳጥኖቹን ጠርዝ አስተካከለች።

«አለ ወይስ የለም? ዓይኔን እያየሽ ንገሪኝ!»

ዓይኗን አየቻት። አልነገረቻትም።

«ብትዋሺኝ ይሻል ነበር» አለች ሳልማ።

«አውቃለሁ።»

ሳልማ የሊድያን ስልክ መለሰችና የራሷን አወጣች። የስልኩ ብርሃን አገጯ ላይ አረፈ። አውራ ጣቷ ስክሪኑ ላይ ተንጠልጥሎ ቆየ፤ ከዚያ መጻፍ ጀመረች። ምን እንደምትጽፍ ለማየት ሊድያ አንድ እርምጃ ወደ ግራ መጠጋት ብቻ ነበር የሚያስፈልጋት።

አልተጠጋችም። ጀርባዋን ሰጥታ ሁለቱን ሳጥኖች ወደ መደርደሪያው መለሰች፤ አኒሜውን በቦታው፣ ድራማውን ከጎኑ። ከኋላዋ የሳልማ ጣቶች ጽፈው እስኪጨርሱ ጠበቀች።