እንፋሎቱ የሚሰብር ጓያ

በሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ በኅዳር ወር፣ መካኒሳ በሚገኝ አንድ አዳራሽ፣ ዶክተር አምሐ የሚባል የተከበረ ሰው ተነሥቶ የእህቴን የዶክተር ጫልቱ ዲንሳን ታሪክ አነበበ፤ የጓያን መርዝ ለማቅለል ከተነሡት የዕፅዋት ተመራማሪዎች ፊተኛዋ እርሷ መሆኗን፣ መታሰሯን፣ ከእስር ወጥታም ሥራዋን መፈጸሟን በወግ በወጉ ተናገረ። «በታሰረችበት ዘመን ዘሩ በተአምር ተረፈ» ሲል ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ ነፋስ በሚመታው ወንበር ላይ ነበርሁ። ተአምር ከሰማይ ይወርዳል ይላሉ፤ ይህኛው ከሀና ማርያም በታክሲ ነው የመጣ።

ቢፍቱ ዲንሳ እባላለሁ። ፊደል አልቆጠርሁም፤ ቃሌን የልጅ ልጄ ትጽፈዋለች፤ እንዳታሳምረውም አስጠንቅቄያታለሁ።

በዚያ ዘመን ሀና ማርያምና ላፍቶ ፎቅ ሳይሆን ጥቁር አፈር ነበሩ፤ ክረምቱ ሲወጣ በእርጥቡ መሬት ላይ ጓያ ይዘራ ነበር። ጓያ ክፉ ቀን የማይገድለው እህል ነው፤ ሰው ሌላ አጥቶ እርሱን ብቻ ወራት ሙሉ ሲበላ ግን እግሩን ይሰብረዋል። አባታችን ዲንሳ በልጅነቱ፣ በረሃብ ዘመን፣ ተሰብሮ በሁለት ምርኩዝ የሚሄድ ሰው ነበር፤ ጫልቱ ተማሪ ቤት የገባችውም ዩኒቨርሲቲ የዘለቀችውም በእርሱ እግር ምክንያት ነው። የአገሩ ሰው ግን «የሚሰብረው ሲቀቀል የሚወጣው እንፋሎት ነው» ይል ነበር፤ ሴቱ ሁሉ ድስቱን ጥዶ አፍንጫውን በነጠላ ሸፍኖ ይሸሻል።

«እታለም፣ በእንፋሎት የተሰበረ ሰው የለም» ትለኛለች ጫልቱ። «እሺ» እላትና እሸሻለሁ።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ፣ ወታደሮች ሊይዟት እንደሚመጡ የሰማች ለት፣ መርዙ ቀለል ያለውን ጓያ በጨርቅ ቋጥራ ሰጠችኝ። «በየዓመቱ ዝሪው፤ ከሌላው ጓያ አርቂው፤ ንብ ያዳቅለዋል። ይህ ከጠፋ እኔም አልኖርሁም» አለችኝ። ወሰዷት፤ እኔም ዘራሁት።

በሰባ ሰባት ዝናቡ ሳይጨርስ ተቆረጠ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ጓድ ወጋየሁ ለማከፋፈል የየቤቱን እህል እየሰበሰበ እኛ ደጅ ደረሰ።

«ጓዲት ቢፍቱ፣ ጓያ ደብቀሻል ተብሏል።»

«ጓዲት አትበለኝ፤ እናትህ ታውቀኛለች። አለ፤ ውሰደው።»

«እንዲህ በቀላሉ?»

«አባቴን የሰበረው ይኸው ዘር ነው። እንኳን የበላውን፣ እንፋሎቱ የነካውን አይምርም። ማኅበሩን በሙሉ ቁጭ ልታደርገው ከፈለግህ፣ እነሆ።»

ወጋየሁ ሳቀ፤ ሳቁ ከጥርሱ አላለፈም። እውነቱን የሚያውቀው አባቴ ከግድግዳው ሥር ተቀምጦ ነበር፤ እንደ እንጨት የደረቁ እግሮቹን በዝግታ ከጋቢው ሥር አውጥቶ ፀሐይ ላይ ዘረጋቸው።

«ልጄ ወጋየሁ፣» አለ፣ «ጉልበትህ ሳለ ሂድ።»

ሄደ። ያ ቋጠሮ ቢቀቀል ለመንደሩ አንዳንድ እፍኝ እንኳ አይደርስም ነበር፤ ስለዚህ አልጸጸትም። ወሬው ግን ከወጋየሁ ቀድሞ ሰፈሩን ዞረ። ከዚያ ወዲያ ከቤቴ ጭስ ሲወጣ ጎረቤት ልጁን ይጠራል። አባቴ በሞተ ጊዜ እድርተኛው ድንኳን ተከለ፣ አለቀሰ፣ አፈር አለበሰ፤ የለቅሶውን ንፍሮ ግን ማንም አልዘገነም። ንጹሕ ስንዴና ሽምብራ ነበር፤ ለዶሮ ተደፋ። እውነቱን ልናገር እንዳልል ጫልቱ እስር ቤት ነች፣ ዘሩም ገና በእጄ ነው፤ አፌን ዘጋሁ።

በሰማንያ ሦስት ተፈታች። ቋጠሮውን ስሰጣት ፍሬውን በመዳፏ እያንከባለለች «ከሌላው አርቀሽ ነው የዘራሽው?» አለችኝ።

«ማን አጠገቤ ይዘራል?» አልኋት። ያን ጊዜ አለቀሰች።

ዘሩ ከእጇ ወጥቶ በብዙ አገር በቀለ፤ ስሟም መጽሐፍ ውስጥ ገባ። የሰፈሬ ፍርሃት ግን፣ ኋላ እውነቱን ብናገርም፣ አልለቀቀም። አምና በጥር አርፋ ሀና ማርያም ተቀበረች፤ በለቅሶዋም የጥንቱ ሰፈርተኞች፣ ዛሬ በኮንዶሚኒየም የሚኖሩት፣ ንፍሮውን እያዩ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ሸሸጉ። እርሷ በክብር ትታወሳለች፤ ይገባታል። የአባቴን እግርና የእኔን ንፍሮ የጻፈ ግን የለም፤ መጽሐፍ የበቀለውን እንጂ አጥሩን አይቆጥርም።

አዳራሹ ሲበተን ዶክተር አምሐን ክንዱን ያዝሁት።

«እማማ፣ ፎቶ እንነሣ?» አለኝ።

«ፎቶህን ተወው። የጫልቱ ሙት ዓመት በጥር ነው፤ ከዘሯ ንፍሮ እቀቅላለሁ። ከነማዕረግህ መጥተህ ድስቱን ራስህ ክፈት፤ እንፋሎቱ ፊትህን ይምታው። ከዚያ በሰፈሬ ሰው ፊት ዝገንና ብላ። በእግርህ ስትሄድ ይዩህ።»