መንገድ የሚለቁላት

ይህ የሆነ ነገር ነው።

ባለታሪኩ በሕይወት አለ። ሶዶ ውስጥ ነው የሚኖረው። ስሜን ቀይርልኝ እንኳን አላለኝም... "ያየሁትን ነው የነገርኩህ፣ ምን ያስደብቀኛል?" ነው ያለኝ።

ሌሊት የሆነ ነገር እንዳይመስላችሁ። ጨለማ የለበትም። የጀመረው አርብ ቀን ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ሰው በሚተራመስበት የሶዶ መናኸሪያ በር ላይ።

ሰውየው ተሻገር ይባላል። ፎቶ አንሺ ነው።

ከደብረ ማርቆስ ለዩኒቨርሲቲ ትምህርት መጥቶ እዚያው ቀረ። ትንሽ ፎቶ ቤት ከፈተ። የሚኖረው በጉርድ ፎቶ፣ በሠርግና በምረቃ ነው። ልቡ ግን መንገድ ላይ ነው ያለው። ሥራ ቀለል ሲልለት ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይወጣል። ባጃጅ የሚጠብቁ ነርሶች፣ ሙዝ ተሸክመው አቀበቱን የሚወጡ ሴቶች፣ ዝናብ መጥቶባቸው አንድ በረንዳ ሥር የተጣበቁ የማይተዋወቁ ሰዎች... ቁሙልኝ፣ ሳቁልኝ አይልም። እንዲሁ እንዳሉ ያነሳቸዋል።

ደጋግሞ የሚለው ነገር ነበረው። ሰው በሕዝብ መሀል ሲሄድ ሳያስበው መንገድ ይለቃል። ትከሻውን ያዞራል፣ ዘንቢሉን ወደ ጎን ያደርጋል፣ ልጁን ሳብ ያደርጋል። ዓይን ለዓይን እንኳን ሳይተያይ። ለተሻገር ከተማ ማለት ይኸው ነበር፤ የማይተዋወቅ ሰው ቀኑን ሙሉ አንዱ ለሌላው ቦታ ሲለቅ።

ሚስቱ ብሩክታይት ትባላለች። የቦምቤ ልጅ ናት። ገሱባ ከተማ ውስጥ አዋላጅ ነርስ ነበረች።

ሰኞ ትሄዳለች፣ አርብ ትመለሳለች።

አርብ አርብ ተሻገር መናኸሪያው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። እስክትመጣ መንገደኛውን ያነሳል። ስትመጣ ካሜራውን ወደ እሷ ካዞረ ግን በእጇ ትሸፍነዋለች። ደክሞኛል፣ አቧራ ለብሻለሁ፣ ሌላ ቀን አንሳኝ ትለዋለች። እሺ ይላል። ከዚያ በገበያው መንገድ አድርገው፣ አቀበቱን ወጥተው፣ እያወሩ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።

ሌላ ቀን አልመጣም።

ሐምሌ ላይ ነው። ዝናቡ ሲጥል ውሎ መንገዱ ጭቃ ሆኗል። የተሳፈረችበት መኪና ከገሱባ ወጣ እንዳለ ተንሸራቶ ተገለበጠ። ተሻገር በዚያ ሰዓት በር ላይ ቆሞ እየጠበቃት ነበር። የሚመጣ መኪና ሁሉ አልቆ ነው ስልኩ የጠራው።

ቤተሰቦቿ አስከሬኗን ወደ ቦምቤ ወሰዱት። ተሻገር ሲደርስ ሳጥኑ ተዘግቷል። ልያት አለ። ለመነ። ሽማግሌዎቹ ግራና ቀኝ ይዘው፣ በደህናው እንዳወቅካት ትቅርህ አሉት።

ፊቷን ሳያይ ተቀበረች።

ከቀብሩ በኋላ አርብ ሲመጣ እግሩ ወደ መናኸሪያ ወሰደው። "ያቺን ሰዓት የት ላድርጋት?" ነው ያለኝ። በር ላይ ይቆማል። ያነሳል። ሲመሽ በዚያው በለመዱት መንገድ እያነሳ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ያነሳውን ግን አያየውም። ካርዱን ኮምፒውተር ላይ ይገለብጥና ይዘጋል።

አርብ አልፎ አርብ መጣ...

ክረምቱ ሊወጣ ሲል የብሩክታይት እናት እማማ ቦሼ ከቦምቤ መጡ። ጎደሬና ዝንጅብል በከረጢት ይዘው። እማማ ቦሼ ቤታቸው የሚናገሩት ወላይትኛ ነው፤ በአማርኛ ሲያወሩ ወንድና ሴቱ ይምታታባቸዋል። ልጃቸውንም "እሱ" ነው የሚሏት።

"አንተ ፎቶ አንሺ ነህ" አሉት። "የልጄን ፎቶ ስጠኝ። ቤቴ ልስቀለው።"

የሠርጉን ፎቶ አሳያቸው። ቬሎውን፣ ፊቷ ላይ የተቀባችውን፣ የተሠራ ጸጉሯን ረዘም አድርገው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። "ይሄ ሙሽራ ነው። ልጄ አይደለም።"

ስለዚህ የአርብ ፎቶዎቹን ከፈተ።

ሰው ሞልቷል። የከተማው ሰው ሁሉ አለ። እሷ ግን የለችም። አንዱ ላይ የቦርሳዋ ማንገቻ... አንዱ ላይ የሻርፏ ጫፍ... አንዱ ላይ ሌንሱን የሸፈነው መዳፏ፣ ደብዝዞ።

መዳፏን ሲያይ አለቀሰ። እያለቀሰ ወደ ፊት ሲያሳልፍ፣ ሳያስበው ከሞተች በኋላ ያነሳቸው ላይ ደረሰ።

እዚያ ነው ያየው።

መናኸሪያው በር ላይ ሕዝቡ ተፋፍጓል። መሀሉ ላይ ግን ባዶ ቦታ አለ። አንድ ሰው የሚያህል።

መጀመሪያ ግድ አልሰጠውም። ከዚያ አቀረበው...

በባዶው ቦታ ዙሪያ ያለው ሰው ሁሉ ትከሻውን አዙሯል። አንዲት ሴት የሙዝ ዘንቢሏን ወደ ጎን አድርጋለች። አንድ ሰውዬ ሻንጣውን ደረቱ ላይ ሰብስቧል።

መንገድ እየለቀቁ ነው።

ለማን?

የሚያልፍ ሰው የለም።

እናቱ ጀርባ ላይ የታዘለ ሕፃን ብቻ ቀና ብሎ ወደ ባዶው ቦታ ያያል። የሰው ፊት በሚሆንበት ከፍታ ላይ። ይስቃል።

ተሻገር የቀጣዩን አርብ ፎቶዎች ከፈተ። በሩ ላይ ክፍተት የለም። ሰዉ ጢም ብሎ ሞልቷል። ተመስገን ሊል ሲል የገበያው መንገድ ላይ ያነሳው መጣ። ቲማቲም የምትሸጥ ሴት የዘረጋችውን ላስቲክ ጠርዝ አጥፋ ይዛለች፣ እንዳይረገጥባት። ከፊቷ ማንም የለም።

የሌላኛው አርብ... ገበያው መጨረሻ፣ አቀበቱ ሊጀምር ሲል። አንድ ባጃጅ ቆሟል። ሹፌሩ ወደ ውጭ ዘንበል ብሎ፣ የጎኑን ሸራ በእጁ ገልጦ፣ የት ልውሰድሽ እንደሚል ሰው ያያል። የሚያየው ቦታ ላይ አስፋልት ብቻ ነው።



በር። ገበያ። አቀበት። ያ ነገር አርብ በመጣ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይሄዳል። በእሷ መንገድ። ወደ እሱ ቤት።

"ምን ታያለህ?" አሉት እማማ ቦሼ ከኋላው።

"ምንም።"

ዘጋው።

በሚቀጥለው አርብ መናኸሪያ አልሄደም። አቀበቱ መሀል ላይ ቆሞ ጠበቀ። ፀሐይ ነው። ሰው ከሥራ እየወጣ ነው። ባጃጆች ይጮኻሉ፣ ተማሪዎች እየተሳሳቁ ያልፋሉ። ዓይኑን አፍጥጦ አየ... ምንም የለም። ካሜራ ብቻ የሚያውቀው ነገር ዓይን ፊት አይቆምም። ሰው ሁሉ ዝም ብሎ የሚሄድ ነው የሚመስለው።

ወደ መሀል መንገዱ ገባ። በሚመጣው ሰው ፊት ቆመ።

ከጎኑ በቆሎ የምትጠብስ ሴት ነበረች። ከከሰሉ ላይ ቀና ሳትል፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ...

"ወንድሜ... አሳልፋት እንጂ።"

ተሻገር ወደ እሷ ዞረ።

"ማንን?"

ሴትየዋ ቀና አለች። "እ?"

"ማንን ነው የማሳልፋት?"

ግራ ገብቷት አየችው። ምንም አላልኩም አለች። የምሯን ነው፤ ፊቷ ላይ ውሸት የለም። በቆሎዋን አገላብጣ ማራገብ ቀጠለች።

እግሮቿን ግን ወደ ውስጥ ሰብስባ ነበር።

ተሻገር እጁን ዘረጋ። "ብሩክቲ..." አለ፣ ለራሱ በሚሰማ ድምፅ ብቻ። እጁ የአንድ መንገደኛ ጃኬት ነካ። ሰውየው ይቅርታ ብሎት አለፈ። ሌላ ምንም አልነካም። የቱ ጋ እንዳለች በቆሎ ጠባሿ አውቃለች፣ ባጃጅ ነጂው አውቋል፣ ከተማው ሁሉ ሳያስበው አውቆ ቦታ ይለቅላታል... እሱ ብቻ፣ ባሏ፣ እጁን አየር ላይ ዘርግቶ ቆሟል።

እዚያው መንገድ ላይ አለቀሰ። ሰዉ እሱንም እየዞረው አለፈ።

ቤት ሲገባ ለእማማ ቦሼ ሁሉንም ነገራቸው። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አሳያቸው። ይጮሃሉ ብሎ ነበር። አልጮሁም። ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ፣ ባዶው ቦታ ላይ አድርገው ብዙ ቆዩ።

"ወደ ቤት ነው የሚመጣው?" አሉ።

"መሰለኝ።"

"ታዲያ ለምን ትፈራለህ?"

እሷ መሆኗን በምን አውቃለሁ አላቸው። ሳጥኑ ውስጥ አላሳዩኝም። መንገድ ላይም አትታየኝም። ሌላ ነገር ቢሆንስ?

 እማማ ቦሼ ወደ ጆሮው ተጠግተው፣ ቤቱ ውስጥ የሚሰማ ሰው እንዳለ ሁሉ፣ በሹክሹክታ...

"ልጄን ያጠብኩት እኔ ነኝ። አንተ አላየህም... እግሩ ተሰብሮ ነበር። ሁለቱም።"

ጣታቸውን ከስክሪኑ አነሱ።

"ለዚህ ነው ቀስ ብሎ የሚመጣው።"

ተሻገር ያን ሳምንት እንዴት እንዳለፈ አያውቅም። ፎቶ ቤቱን አልከፈተም። ሲፈራ ይውላል፤ ደግሞ ፍርሃቱ ለቀቅ ሲያደርገው መንገዱን ያስባል። ያን ሁሉ ጭቃ፣ ያን ሁሉ አቀበት፣ በተሰበረ እግር... አንድ ሰው እንኳን ሳይደግፋት። ይህን ሲያስብ ፍርሃቱ ይጠፋል።

አርብ ሲደርስ ቆርጦ ተነሳ። በሩ ላይ እቆማለሁ አለ። ማንም ይሁን፣ ምንም ይሁን፣ አላሳልፍም። እሷ ከሆነች እቅፌ ውስጥ ትገባለች።

የግቢው በር የቆርቆሮ ነው፣ ጠባብ። ከፈተውና መሀሉ ላይ ቆመ፣ ፊቱን ወደ መንደሩ መንገድ አዙሮ። ግራና ቀኝ ቋሚዎቹን በእጆቹ ጨብጦ ያዘ። ካሜራውን ለእማማ ቦሼ ሰጥቷቸዋል። ካሜራ ይዘው አያውቁም። ግቢው ውስጥ ከኋላው ሆነው፣ አሁን ስልሽ... አይ፣ አሁን ስልዎ ይጫኑት አላቸው። አፉ እንኳን በወጉ አልታዘዝ ብሎት ነበር።

መንገዱ ላይ ሰው ነበር። ጀሪካን የያዘች ሴት፣ ከሥራ የሚመለሱ ሁለት መምህራን።

መምህራኑ እያወሩ መጡ... ተለያዩ። አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ። መሀላቸው ላይ ክፍተት ተፈጠረ። ከዚያ እንደገና ገጥመው ወሬያቸውን ቀጠሉ።

ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይኑ አየ።

"አሁን" አለ።

ካሜራው ቀጭ አለ።

ምንም አልተሰማውም። ነፋስ የለም። ሽታ የለም። የነካው ነገር የለም። እጆቹን እንደዘረጋ ጠበቀ...

"ልጄ" አሉ እማማ ቦሼ በቀስታ። "ለምን ዞር አልክ?"

"አልተንቀሳቀስኩም።"

እማማ ቦሼ ካሜራውን እጁ ላይ አድርገውለት ወደ ቤት ገቡ።

ስክሪኑን አየ።

ፎቶው ላይ ተሻገር በሩ መሀል ላይ አልነበረም። ጎኑን ሰጥቶ፣ ከቋሚው ጋር ተጣብቆ፣ አንገቱን ደፍቶ ነው ያለው። በአንድ እጁ ቆርቆሮውን ገፋ አድርጎ ይዞታል። እንግዳ እንደሚያስገባ ሰው። እሱና ሌላኛው ቋሚ መሀል አንድ ሰው የሚያሳልፍ ቦታ አለ።

ሊያቅፋት ነበር የቆመው። እንደ ማንኛውም መንገደኛ መንገድ ለቀቀላት።

 

በሩ ላይ ምን ያህል እንደቆመ አያስታውስም። ጎረቤቱ ጋሼ ሚልክያስ ናቸው ትከሻውን የነኩት። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ከሐዘኑ ወዲህ ብቅ እያሉ አብረዋቸው ይጸልያሉ። መጽሐፍ ቅዱሳቸውን በብብታቸው ይዘዋል። አብረው ገቡ።

እማማ ቦሼ በወላይትኛ ያወራሉ። ቀስ ብለው። አንዳንዴ ዝም ይሉና ይሰማሉ፣ ከዚያ ይቀጥላሉ። ሰፊው ሶፋ ላይ ናቸው፤ ሦስት ሰው በደንብ ይይዛል። እሳቸው ጥጉ ላይ፣ እግሩን ዘርግቶ ለተኛ ሰው ቦታ እንደሚለቅ፣ ሊወድቁ እስኪደርሱ ጫፉ ላይ ተቀምጠዋል፤ የቀረው ባዶ ነው።

"ጋሼ ሚልክያስ፣ ይቀመጡ" አላቸው ተሻገር።

ጋሼ ሚልክያስ ኮፍያቸውን አወለቁ። ወደ ሶፋው አይተው፣ ሰው እንደሚሰላም ጎንበስ አሉ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ሸሸት ብለው ቆሙ።

"አይ ልጄ፣ ቆሜ እጸልያለሁ" አሉት ዝቅ ባለ ድምፅ። "ቦታ የለም እኮ።"