እሑድ ቅዳሴ ላይ እንገናኝ

መካኒኳ ለሥራ በሄደችበት ከተማ ሁሉ መጀመሪያ የምትጠይቀው ስለ አልጋ ዋጋ አይደለም፤ «እዚህ አካባቢ የካቶሊክ ቁምስና የት ነው?» ብላ ነው። ሥራዋ የልብስ ፋብሪካዎችን የስፌት ማሽን መጠገን ስለሆነ ከከተማ ከተማ ትዞራለች። እሑድ የምታስቀድስበት ቤተ ክርስቲያን ካላገኘች ሳምንቱን ሙሉ ፊቷ አይፈታም። ያገኘችውንም ዝም ብላ አትቀበልም። የአንዱ ስብከት አያልቅም፣ የሌላው ድምፅ ማጉያ ጆሮ ይበጥሳል፣ የሦስተኛው ምእመን ደግሞ እንግዳ ሲገባ አንገቱን አዙሮ ያያል እያለች ታማርጣለች።

«ልጄ፣ ጫማ ነው እንዴ በልክሽ የምትፈልጊው?» አሏት የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት።

«ዞሮ የሚያየኝ ሰው አልወድም» አለች።

ምክንያት አላት። አንድ ጊዜ በተወለደችበት ከተማ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሕዝብ ሁሉ ዞሮ አይቷታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ፋብሪካ ውስጥ ክር ሲያራግፍ ተዋወቁ፤ ሻይ ቀርቦላቸው ሁለቱም እኩል ቢያማትቡ ጊዜ ተሳሳቁ። ሁለቱም መንገደኛ ስለነበሩ አብረው አስቀድሰው አያውቁም። እሑድ በስልክ «አስቀደስክ?» ትለዋለች፤ «እንዴታ!» ይላታል። አባቷ «መንገድ ለመንገድ ለሚያድር ሰው ልጄን አልሰጥም» ብለው ብዙ ካስቸገሩ በኋላ ለስለስ አሉ።

«እንግዲያው የእሑድ ቅዳሴ ላይ ከእናትህ ጋር ና። ሲያልቅ እዚያው ከአባባ ጋር ትነጋገራላችሁ» አለችው። ቀጥላም ጨነቃትና፣ «እኛ ከሌለን አባባ ሐሳባቸውን ቀይረዋል ማለት ነው። ያን ጊዜ እንዳትደውልልኝ፤ ድምፅህን ከሰማሁ አልችልም» አለችው። እሺ አላት።

እሑድ ጠዋት አባቷ አዲስ ኮት ለብሰው፣ ቅዳሴውን ትተው በር በሩን ሲያዩ ቆዩ። ሾፌሩ ቀረ። አክስቷ ለጎረቤቱ ሁሉ ለፍፋ ስለነበር የሰው ዓይን ከመሠዊያው ይልቅ እነሱ ላይ ነበር። ሕዝቡ ተበትኖ ካለቀ በኋላ እንኳ አባቷ ደጃፉ ላይ ቆመው ቀሩ። ከዚያ ወዲህ ሰው ከማይበዛበት የማለዳ ቅዳሴ በቀር ሄደው አያውቁም፤ ያንን ኮትም አልለበሱትም።

መካኒኳ አልደወለችም። የቀረው እሱ፣ የምትደውለው እሷ? ሞታለች! ስልኳን ቀየረችና ቂሟን ያዘች። መያዝ ብቻ አይደለም፣ ተንከባክባ አሳደገችው። ማሽን ስትፈታም ስትገጥምም፣ «አንድ ቀን ብቻ፣ ልክ እንደ አባባ፣ ሕዝብ ፊት ገትሬው» ትላለች ለብቻዋ። ዓመታት እንዲህ አለፉ።

አሁን በመጣችበት ከተማ ደግሞ ብዙ አማርጣ በመጨረሻ አንዲት ጭር ያለች ቁምስና አገኘች። የቅዳሴ ሰዓት ልትጠይቅ ከሥራ መልስ ብትሄድ፣ የጭነት መኪና በሩን ዘግቶ ቆሟል። አንድ ሰውዬ እጅጌውን ሰብስቦ አግዳሚ ወንበር ያወርዳል። ወንበሩን እንደ ተሸከመ ዞረ። ተያዩ። ማውረዱን ረሳው።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

ጆሮ ግንዱ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሎበታል፤ አስተያየቱ ግን ያው ነው፣ ሰውን እስከ መጨረሻው የሚያዳምጥ አስተያየት። ሆዷ ባባ። ሆዷ ስለ ባባ ደግሞ ይበልጥ ተናደደች።

«አባትሽ ደህና ናቸው?» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ይሄ ዓይን አውጣ! አንገታቸውን አስደፍቶ ሲያበቃ ደህና ናቸው ይላል! በጥፊ ልታጮለው እጇን በላት። ግን ፈገግ አለች፤ ሐሳቡ ብልጭ ያለላት ያን ጊዜ ነው።

«ደህና ናቸው። ሻይ አትጋብዘኝም?»

ጋበዛት። በማግስቱም፣ ከዚያም ወዲያ። ሚስት አላገባም፤ ከእናቱ ጋር ይኖራል። ብርቱካን ይልጥና የሚጣፍጠውን ወገን ለእሷ ይመርጣል። ስለ ማሽኖቹ ይጠይቃታል፤ የተናገረችውን አይረሳም። አንዳንድ ቀን ከልቧ ስቃ ስታበቃ ራሷን ትይዛለች። ማረፊያዋ ገብታም መስታወት ፊት ቆማ፣ «የአባባን ኮት አስታውሺ፣ አንቺ ቀላል!» ትላለች።

«ያለፈውን አናንሳው» አላት አንድ ቀን። «ማንንም መውቀስ አልፈልግም።»

«አናንሳው» አለች በጥርሷ እየሳቀች። ጭራሽ እሱ ወቃሽ ሆኖ አረፈው! የቀረላት ርኅራኄ ካለም ያን ዕለት ተሟጠጠ።

ሥራዋ ሊያልቅ ሲቃረብ ጉዳዩን አመጣችው።

«የእሑድ ቅዳሴ ላይ ከእናትህ ጋር ና። ሲያልቅ እዚያው ለአባባ ደውለን ነገራችንን እንጨርስ።»

የሻይ ማንኪያው እጁ ላይ ቀረ። «እንደዚያን ጊዜው?»

«እንደዚያን ጊዜው።»

«ትመጫለሽ?»

«ምን ጥያቄ ነው!» አለችና እጁን ያዘችው። እጇን አጥብቆ ያዘ። ደስ አላት፤ በጣም ደስ አላት።

ከዚያ ለመዘምራኑ ሴቶች፣ «እንዳትናገሩ፣ እሑድ ሾፌሩ ሊያጭ ነው» ብላ ሹክ አለች፤ እንዳትናገሩ ማለት ተናገሩ ማለት እንደ ሆነ ከአክስቷ ተምራለች። ለእሑድ ቀትር የአውቶቡስ ትኬት ቆረጠች። እሑድ ጠዋት ከሰው ሁሉ ቀድማ ሰው የማይቀመጥበት ሰገነት ላይ ወጣችና ከዓምድ ጀርባ ተቀመጠች።

ሕዝቡ ገባ። ሴቶቹ እየተጠቃቀሱ በር በሩን ያያሉ። ወንጌል ተነበበ፤ ሾፌሩ የለም። ሰላምታ ተሰጣጡ ተባለ፤ የለም። ቁርባን ተቀበሉ፣ ቡራኬ ወረደ፣ ሕዝቡ ወጣ፤ የለም።

«ደገመኝ!» አለች ጮክ ብላ። ደረጃውን እንዴት እንደ ወረደችው አታውቅም። ቤተ ክርስቲያኑን የሚያጸዱት እትዬ ወለሉን እየጠረጉ አገኘቻቸው።

«እትዬ፣ ያ ወንበር ያመጣው ሾፌር ዛሬም ቀረ፣ አይደል?»

እትዬ መጥረጊያቸውን አቆሙ። «ምን ቀረ ትያለሽ? ትናንት ማታ ከናቱ ጋር ለባብሶ መጥቶ፣ ሁሉ ሰው ወጥቶ መብራት እስካጠፋበት ድረስ ተቀምጦ! አሮጊቷ አንጀቴን በሉት።»

«ትናንት እኮ ቅዳሜ ነው! እኔ የእሑድ ቅዳሴ ነው ያልኩት!»

«የቅዳሜ ማታው ለእሑዱ ይቆጠር የለ? እሱ ያንን ነዋ የእሑድ የሚለው። ሾፌር አይደለም እንዴ፤ እሑድን መቼ መሬት ረግጦ ያውቃል?»

መካኒኳ ያልተጠረገው ወለል ላይ ቁጭ አለች። በእነሱ ቤት የቅዳሜ ማታው «ዋዜማ» ነው፤ እሑድ ብሎ የሚጠራው ሰው ሰምታ አታውቅም።

ቤቱን ጠያይቃ ደረሰች። በሩን የከፈቱት እናቱ ናቸው።

«ደግሞ ምን ቀረሽ? አንዴ ገተርሽን፣ ዝም አልን። ትናንት ደገምሽን። ልትሠልሺን ነው የመጣሽው?»

«እማማ፣ ያን ጊዜ እሑድ ጠዋት አባቴ ደጃፍ ላይ…»

«የምን ጠዋት? እኛ ቅዳሜ ማታ፣ አዲሱ ጫማ እግሬን እየላጠው፣ በሰው አገር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እናንተን ስንጠብቅ!» ብለው አቋረጧት። ከዚያ ፊቷን ትኩር ብለው አዩ። «ጠዋት ነው ያልሽው?»

«እሑድ ጠዋት።»

ሾፌሩ ከኋላቸው ቆሞ ሰምቷል። «አባትሽ እምቢ ያሉ መስሎኝ ነበር። አትደውል ስላልሽኝ አልደወልኩም።»

«እኔ ደግሞ የቀረህ መስሎኝ ነበር።»

እናቲቱ አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ። «ወይ ጉድ! እና ልጄ፣ ዛሬም ጠዋት መጥተሽ አጥተሽን ነዋ!»

«አዎ» ብትል ያበቃ ነበር። በሩ ተከፍቷል፣ አሮጊቷ ሊያቅፏት እጃቸውን ዘርግተዋል። ግን እሱ ያንን አስተያየቱን ጣለባት፤ እየዋሹ የሚያዩት ዓይን አይደለም።

«መጥቼ ነበር» አለች። «ግን ላገኛችሁ አይደለም። ሰው ፊት ስትጉላላ ሰገነት ላይ ተደብቄ ልይህ ነበር። ትኬት ቆርጫለሁ።»

የዘረጉት እጅ ወረደ።

«ያ ሁሉ ሻይ?» አላት።

«መጀመሪያ ለዚሁ ነበር።»

«በኋላስ?»

«በኋላ ወደድኩህ። ብወድህም ግን ሐሳቤን አልቀየርኩም ነበር። ይኸው ነው።»

የበሩን እጀታ ያዘ። «እኔ ሁለቴ ተቀምጫለሁ፣ አንቺ አንዴ» አላት በመጨረሻ። «የሚመጣው ቅዳሜ ማታ ከአባትሽ ጋር ጠብቂኝ።»

«ትመጣለህ?»

«እኔ አውቅ ነበር ወይ እንደምትመጪ?» ብሎ በሩን ዘጋው።

ትኬቷን ቀደደችና ለአባቷ ደወለች። አንድም ሳታስቀር ተናዘዘችላቸው።

«ቅዳሜ ማታ?» አሉ አባቷ። «ዋዜማ ነዋ እሱ!» ቀጥለውም፣ «እና አሁን ያ ልጅ ሊበቀለን ነው?»

«እኔን ነው አባባ። እርስዎ ካልፈለጉ ብቻዬን እጠብቀዋለሁ።»

«ያ ኮቴ የት ነው የተቀመጠው?» አሉ።

አባቷ በአውቶቡስ መጡና ቅዳሜ ማታ በዚያችው ቁምስና ጎን ለጎን ተቀመጡ። መዘምራኑ ሴቶች ጉዳዩን ሰምተው ኖሮ አንዳቸውም አልቀሩም። ሕዝቡ እየዞረ አያት፤ አየቻቸው፣ ዓይኗን አልሰበረችም። ቅዳሴው አለቀ። ሾፌሩ የለም። ሰው ወጣ። እትዬ ሻማዎቹን አጠፉ፣ ቁልፋቸውን እያንቃጨሉ በሩ ጋ ቆሙ። አባቷ ኮታቸውን ቆለፉ፣ ፈቱ፣ እንደገና ቆለፉ። መካኒኳ በዚያ ሁሉ ዓመት ለእሱ የተመኘችውን ሥቃይ አሁን ከነ ሙሉ ክብደቱ ቀመሰችው። ይገባኛል አለች፤ ይገባኛል ብላም አልቀለላትም፣ አለቀሰች።

ላይ ሰገነቱ ላይ እንጨት ሲጥ አለ።

«ኧረ ልቀቀኝ አንተ!» የሚል የአሮጊት ድምፅ ተሰማ። እናቲቱ ግድግዳውን እየተደገፉ ወረዱ። «እስኪበቃት አንወርድም ይለኛል! እኚህን ትልቅ ሰው እያየሁ አልቻልኩም እኔ!» ብለው ቀጥ ብለው ወደ አባቷ ሄዱና ጎንበስ ብለው ሰላም አሏቸው።

እሱ ከኋላ ወረደ። ፊቷ ቆመ። ዓይኑ ቀልቷል።

«ከላይ ሆኜ ሳይሽ አንጀቴ ይርሳል ብዬ ነበር።»

«ራሰ?»

«ጭራሽ ተቃጠለ።»

«የኔ ግን ይርስ ነበር» አለች እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች።

«አውቃለሁ» አለና ሳቀ። እየሳቀ እጇን ያዘ፤ አሁን አጥብቃ የያዘችው እሷ ናት።

አባቷ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የሠርጉን ቀን የምቆርጠው እኔ ነኝ» አሉ፤ ማንም አልተከራከራቸውም። «ረቡዕ ይሁን። ረቡዕ ዋዜማ የለውም።»