የሰከላው ጥራዝ

አቶ ወልደ ዮሐንስ የጡረታ ሽኝታቸው ሁለት ሰዓት ሲቀረው፣ ሠላሳ አራት ዓመት በሠሩበት ክፍል ወለል ላይ ሞተው ተገኙ።

ኢንስፔክተር ታንጉት ከፍኖተ ሰላም ፖሊስ ጣቢያ በእግሯ ደረሰች። ክፍሉ የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት የአካባቢ ጥናት ክፍል ነው፤ ስለ ጎጃም የተጻፈና የተቀዳ ሁሉ የሚቀመጥበት። መሰላሉ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ተደግፏል። የመደርደሪያው አናት ከአቧራ እንዲጠበቅ በጨርቅ ተጋርዷል። የሟቹ ጭንቅላት የብረት ካቢኔውን ጠርዝ መትቶ ደም ፈሷል። ከቀኝ እጃቸው አጠገብ «ሰከላ» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ወፍራም ጥራዝ ወድቋል።

«ከመሰላሉ ላይ ነው መሰለኝ የወደቁት» አለ ፀጋው፣ ክፍሉን ሊረከብ የነበረው ምክትላቸው።

ታንጉት ጎንበስ ብላ የመሰላሉን መርገጫዎች አንድ በአንድ አየች። የሳምንት አቧራ ጠጥተዋል፤ ጫማ ያረፈበት አንድም ቦታ የለም። ለማንም አልተናገረችም።

«ዛሬ ጠዋት ግቢው ውስጥ ማን ነበር?» ስትል የበሩን ጥበቃ ጠየቀችው።

«አራት ሰው ብቻ፣ እመቤቴ። ፀጋው፣ ካታሎግ ሠራተኛዋ እስከዳር፣ ከግሽ ዓባይ የመጡት መሪጌታና ከባሕር ዳር የመጡት ዶክተር። እነሱ ከገቡ ወዲህ በሩ የተከፈተው እርስዎን ልጠራ ስወጣ ብቻ ነው፤ ያኔም ቆልፌው ነው የሄድኩት።»

ቢከፈትም የትም አያደርስም ነበር። ከትናንት ምሽት ጀምሮ መንገዱ በቡሬም በደምበጫም በኩል ተዘግቷል፤ ስልክ አይሠራም። አስከሬን መርማሪ ከባሕር ዳር አይመጣም። የታንጉት እናት ደምበጫ ታመው ተኝተዋል፤ የአንድ ሰዓት መንገድ እንኳ የማይሆን ቦታ ሆኖ ሳለ እሷም መሄድ አልቻለችም። አራቱም እንግዲህ ከሟቹ ጋር አንድ አጥር ውስጥ ታጉረዋል።

መጀመሪያ ፀጋውን አነጋገረችው። በልጅነቱ የተሰበረ ግራ እግሩን እየጎተተ መጥቶ ተቀመጠ።

«ተጣልታችሁ ታውቃላችሁ?»

«እኔና እሳቸው? ኧረ በስመ አብ! መሰላል መውጣት እንደማልችል አይተው ባለፈው ሰኞ ክፍሉን በሙሉ አገላበጡልኝ። የሚፈለገውን ወደ ታች፣ የድሮ ጋዜጣውን ወደ ላይ። ከእስከዳር ጋር ሦስታችን ስንደረድር ዋልን።»

ቀጥላ መሪጌታ ባንተአምላክን አገኘቻቸው። ሽማግሌው ሽኝቱ ላይ ቅኔ ሊቀኙ ነበር የመጡት።

«የኔታ፣ ይህን ክፍል ያውቁታል?»

«ትናንት ከሰዓት ነው ያየሁት ልጄ፣ የመጀመሪያዬ ነው። ስለ አገሬ ስለ ሰከላ የተጻፈ አለ ወይ ብላቸው፣ ጎንበስ ብለው ከታች ያንን ትልቁን አውጥተው ሰጡኝ። አንብቤ ጠረጴዛው ላይ ተውኩት።»

ዶክተር ልዑልሰገድ ግቢው ውስጥ ባለው የእንግዳ ማረፊያ በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። ከአቶ ወልደ ዮሐንስ ጋር ሃያ ዓመት ይተዋወቃሉ፤ ስለ ሰከላ ሽማግሌዎች ትረካ በጻፈው ጥናት ስሙ የገነነ ሰው ነው።

«መንገዱ መቼ ነው የሚከፈተው?» አላት፣ ገና ሰላም ሳትለው።

«አልታወቀም። መቼ መጡ?»

«ትናንት ምሽት። የመጣሁበት አውቶቡስ ቡሬን እንዳለፈ ዘጉት። ከዓመት በኋላ ብመጣ ለዚህ ሆነ!» ራሱን ነቀነቀ። «ያንን ጥራዝ ለማውረድ መሰላል ላይ በወጣ ቁጥር እሰጋለት ነበር። አንድ ቀን ትወድቃለህ እለው ነበር።»

«ዛሬ ጠዋት ወደ ክፍሉ ገብተዋል?»

«አልገባሁም። ማረፊያዬ ነው የነበርኩት።»

ታንጉት አመስግናው ወደ እስከዳር ሄደች። ካታሎግ ሠራተኛዋ ዓይኗ አብጧል። አብረው የርክክብ መዝገቡን ይዘው መደርደሪያውን ፈተሹ። ከአንድ ነገር በቀር ሁሉም አለ።

«አሥራ ሰባተኛው ደብተር የለም» አለች እስከዳር። «ጋሽዬ በወጣትነታቸው ሰከላ ዞረው ሽማግሌዎች የነገሯቸውን በእጃቸው የጻፉበት ነው። ትናንት እዚሁ ነበር።»

ስድስት ሰዓት ላይ አራቱም ለሽኝቱ በተደረደሩት ወንበሮች ላይ ተቀመጡ። ታንጉት ጥራዙን ይዛ ፊታቸው ቆመች።

«አቶ ወልደ ዮሐንስ ከመሰላል አልወደቁም። መሰላሉን ማንም አልወጣበትም፤ አቧራው ይመሰክራል። አንድ ሰው ገፍቷቸው ካቢኔው ላይ ወደቁ። ከዚያ መሰላሉን አስደግፎ፣ ጠረጴዛው ላይ ያገኘውን ይህን ጥራዝ አጠገባቸው ጣለ። ከላይ ሊያወርዱት ወጥተው የወደቁ እንዲመስል።»

ጥራዙን ዝቅ አድርጋ ከታችኛው መደርደሪያ ባዶ ቦታ ላይ ሰካችው። ልክ ገባ።

«ቦታው ግን እዚህ ታች ነው። ከላይ ከጨርቁ ጀርባ ያለው ጋዜጣ ብቻ ነው። ፀጋውና እስከዳር ሰኞ አብረው ስለደረደሩ ያውቃሉ። የኔታ ከታች ሲወጣ በዓይናቸው አይተዋል። ከላይ ነው ብሎ የሚያስብ የድሮውን አደራደር ብቻ የሚያውቅ ሰው ነው። ከዓመት በኋላ የተመለሰ።»

ሁሉም ወደ ዶክተር ልዑልሰገድ ዞሩ።

«ይህ ግምት ነው» አለ።

«ደብተሩ ከዚህ ግቢ አልወጣም፤ እርስዎም አልወጡም። ማረፊያዎን ልፈትሽ ወይስ ያመጡልኛል?»

ልዑልሰገድ የኮቱን ቁልፍ ፈትቶ ሸሚዙ ሥር የደበቀውን ሰማያዊ ደብተር አወጣ።

«ከዚህ ቀድቼ፣ ሽማግሌዎቹን እኔ አነጋገርኩ ብዬ ነው የጻፍኩት። ሃያ ዓመት ያስተማርኩት በዚህ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ርክክቡ ሲፈረም ለሁሉም ይገለጣል። ስጠኝ ብዬ ለመንኩት፤ ደብተሩ ከክፍሉ አይወጣም አለኝ። ቆይ ላሳይህ ብሎ ወደ መዝገቡ ዞረ። ሊያጋልጠኝ መሰለኝ፤ ገፋሁት።»

«ለምን አላቃጠሉትም?»

«ሞክሬ ነበር። ክብሪቱን ጭሬ አጠፋሁት። የእሱ እጅ ጽሑፍ ነው።»

እስከዳር ከወንበሯ ተነሳች። መዝገቡን ገልጣ ፊቱ አስቀመጠችው።

«ሊያሳዩዎት የነበረው ይህን ነው። ባለፈው ሐሙስ በራሳቸው እጅ የሞሉት ነው።»

ዶክተር ልዑልሰገድ መነጽሩን አድርጎ አነበበ። «ደብተር አሥራ ሰባት። ሰብሳቢዎች፦ ወልደ ዮሐንስና ልዑልሰገድ።»

«‹እሱ ባይጽፈው እነዚያን ሽማግሌዎች ማን ያውቃቸው ነበር› አሉኝ» አለች እስከዳር። እንባዋን አልጠረገችም።

ሰውየው ያንኑ መስመር ደጋግሞ አነበበው። መሪጌታ ባንተአምላክ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሱ ጀመር። ታንጉት ትንሽ ታገሠችው፤ ከዚያ ክንዱን ያዘች።

«ይነሱ፣ ዶክተር። መኪና የለንም። ጣቢያው ድረስ በእግራችን ነው የምንሄደው።»