የቀዩ ችካል በቆሎ

የተዋወቁት በተሰበረ እጀታ ምክንያት ነው። የአፈር ተመራማሪዋ ዶክተር ከመሬት ውስጥ አፈር የምታወጣበትን የብረት መሰርሰሪያ ይዛ ከአንድ ግትር ድንጋይ ጋር ግብግብ ገጥማ ሳለ እጀታው ቀጭ አለና ግማሹ እጇ ላይ ቀረ። ከማሳው ዳር ሆኖ ሲያያት የነበረ አንድ ወጣት ገበሬ መጣ፤ ሰላም እንኳ ሳይላት መሰርሰሪያውን ተቀብሏት ሄደ። ሌባ ይሁን ደግ ሰው ግራ ገብቷት ቆማ ቀረች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ አዲስ እጀታ ገጥሞ፣ እንጨቱ እጇን እንዳይልጣት በጠርሙስ ስባሪ ፍቆ አለስልሶ መለሰላት።

«ከበፊቱ ይሻላል» አለ። በዚያን ቀን ከአፉ የወጣው ይኸው ብቻ ነው።

ሰፈሩ ሁሉ «ጠጋኙ» ነው የሚለው። የላላ ብሎን፣ የዘመመ በር፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ አይቶ ማለፍ አይሆንለትም፤ ባለቤቱን ሳያስፈቅድ ጠግኖት ይሄዳል። የማሳው ባለቤት የሆኑት አባቱ በዚህ ነገር ሲስቁም ሲማረሩም ኖረዋል። «እግዜር ዓለምን ሲፈጥር ይኼን ልጅ ለእርዳታ ጠርቶት ቢሆን ኖሮ» ይላሉ፣ «ሰባተኛው ቀን እረፍት አይሆንም ነበር።»

እሷም ቅጽል ስም አላጣችም። የምርምር ተቋሙ ባልደረቦቿ «እመት አፈር» ይሏታል፤ ጥፍሯ ሥር አፈር የማይጠፋ፣ ምሳዋን እንኳ ከማሳ የመጣ ሥር እያገላበጠች የምትበላ ሴት ናትና። ሦስት ዓመት ሙሉ ስታረባ የኖረችው የሥር ፈንገስ ነው። ከፀጉር የቀጠነ ክር ነው፤ በተክሉ ሥር ውስጥ ገብቶ ይኖርና ሥሩ ሊደርስበት ከማይችለው ጥግ ፎስፈረስ የሚባለውን ምግብ እየለቀመ ያመጣለታል። ተክሉም በምላሹ ስኳር ያካፍለዋል። የአካባቢው መሬት ደክሟል፤ በየዓመቱ ማዳበሪያ ይጨመርበታል፣ በየዓመቱም ምርቱ ይቀንሳል። ክሩ ይህን መሬት ሊያነሳው ይችላል ብላ ታምናለች። ያመነችው ብቻዋን ነው ማለት ይቻላል። የማሳው ባለቤት ሽማግሌው ራሳቸው ሲሰሙ፣ ሻጋታ እህል ሲያበላሽ እንጂ ሲያበቅል አይቼ አላውቅም ብለዋታል፤ ሆኖም መሬቱን አልከለከሏትም።

ከማሳቸው አንዱ ጥግ ለሁለት ተከፈለ፤ ገሚሱ በቀይ ችካል፣ ገሚሱ በነጭ ችካል ታጠረ። በቆሎ በሁለቱም ተዘራ፤ ፈንገሱ የገባው ግን በአንደኛው ብቻ ነው። የትኛው እንደሆነ ማሳውን ለሚንከባከበው ሰው አይነገርም፤ ሰው ነውና እጁ ወደ አንዱ እንዳያደላ። ማዳበሪያ ደግሞ በሁለቱም በኩል ክልክል ነው። ይህን ሁሉ ለጠጋኙ አስረዳችው፤ ራሱን ነቅንቆ ተስማማ።

በሳምንት ሁለት ቀን ትመጣለች። እሱም በሳምንት ሁለት ቀን እዚያው ማሳው ዳር ሥራ ይገኝለታል። አረም ይነቅላል፣ ውሃ ያመላልሳል፣ የጃንጥላዋን ሽቦ ያቃናል። መጀመሪያ ላይ «እርስዎ» ነበር የሚላት። አንድ ቀን ከፓምፕ ቤቱ ግድግዳ ጥላ ሥር ተቀምጠው፣ ከላቦራቶሪ ያመጣችውን ሥር ከማጉያ መነጽር ጋር ሰጠችውና ክሩን አሳየችው። ብዙ አየ።

«ማን ነው ለማን የሚሠራው?» ብሎ ጠየቃት።

«ሁለቱም ለሁለቱም።»

«እንዲህ ያለ ነገር በሰው ላይ ገጥሞኝ አያውቅም፣ ዶክተር። እርስዎ ገጥሞዎት ያውቃል?»

«አንቺ በለኝ» አለችው።

መነጽሩን ሊመልስላት እጁን ዘረጋ። እሷ ለመቀበል አልቸኮለችም፤ እሱም ለመልቀቅ። ሁለቱም ያንኑ መነጽር ይዘው ቆዩ። ፓምፑ ጠብ ጠብ ይል ነበር፤ ጠጋኙ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያንጠባጥብ ነገር አልሰማም። ከዚያ ቀን ጀምሮ «አንቺ» አላት፤ ማረሻ ክሩን እንዴት እንደሚበጣጥሰው፣ ተክሉም ስኳሩን ለክሩ እንዴት እንደሚያካፍል ስታወራለት፣ ስለራሷ እንደምታወራ ሰው አድርጎ ያዳምጣት ጀመር።

በስድስተኛው ሳምንት በቀዩ ችካል በኩል ያለው በቆሎ ቀጨጨ። የቅጠሉ ጠርዝ ወደ ወይን ጠጅ ቀለም አደላ። ዶክተሯ ምክንያቱን ታውቀዋለች፤ ፈንገሱ መጀመሪያ የራሱን ድርሻ ይወስዳል፣ ውለታውን የሚመልሰው ቆይቶ ነው። ማወቅና ልብን ማሳረፍ ግን ለየቅል ናቸው። በዚያው ሳምንት አለቃዋ ቢሯቸው ጠርተው ቁርጡን ነግረዋታል። ይህ የመጨረሻው ወቅት ነው፤ ማሳው ላይ በዓይን የሚታይ ነገር ከሌለ ፕሮጀክቱ ይዘጋል፣ እሷም ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ትዛወራለች።

ይህን ለጠጋኙ ነገረችው። «ከተዛወርኩ ወደዚህ የሚያመጣኝ ምክንያት አይኖርም» አለችው፤ ሌላ ምክንያት ይሰጠኛል ብላ እየጠበቀች ነው ያለችው። እሱ ግን የቀጨጨውን በቆሎ ተመለከተ። ተናደደችበት። በማግስቱ ለሦስት ሳምንት ስልጠና ወደ ሌላ ከተማ ስትሄድ ንዴቷንና ናፍቆቷን አንድ ላይ ጠቅልላ ይዛ ሄደች።

ስትመለስ የቀዩ ችካል በቆሎ ከትከሻዋ አልፏል። ቅጠሉ ሰፊ ነው፣ አረንጓዴነቱ ጥቁር እስኪመስል ድረስ የጠገበ ነው። ነጩ ከጎኑ ሲታይ ታሞ የተነሳ ይመስላል። ቦርሳዋን ጥላ ሮጠች፤ ጠጋኙን ስታገኘው ሰው ያየኛል አላለችም፣ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። እጁ ጀርባዋ ላይ አረፈ። ሊስቅ ግን አልቻለም፤ ዓይኑ ጫማው ላይ ነበር። ደስታ ዓይን ይጋርዳልና አላስተዋለችውም።

አለቃዋ መጥተው አዩ፣ ፎቶ አስነሱ፣ ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት። ከስምንት ቀን በኋላ የአካባቢው ገበሬዎችና እንግዶች የሚገኙበት የመስክ ጉብኝት እንዲሆን ተወሰነ።

የቀራት ሥሩን ማየት ነው። ከቀዩ በኩል፣ ከመሃል የነቀለችውን ሥር አጠበች፣ ቀቀለች፣ ፈንገሱ ሰማያዊ ሆኖ እንዲታያት ቀለም ውስጥ ነከረችና ከማይክሮስኮፑ ሥር አደረገችው። አሮጌው ሥር ላይ ቁርጥራጭ ክር እዚህም እዚያም ተርፏል። አዲሱ ሥር ላይ ግን ምንም የለም። ሌላ ነቀለች፣ ሌላም ደገመች። አፈሩን ስትመረምረው ፎስፈረሱ ከልክ አልፏል። ያን ጊዜ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። የጠገበ ተክል ፈንገስ አይፈልግም፤ ከሩቅ የሚያመጣለትን ወዳጁን ስኳር ነፍጎ ያባርረዋል። በቆሎውን ያሳደገው የሷ ክር ሳይሆን ከጆንያ የወጣ ማዳበሪያ ነው።

ማን እንደጨመረው ለማወቅ ማይክሮስኮፕ አላስፈለጋትም።

ፓምፕ ቤቱ ውስጥ መፍቻ ይዞ አገኘችው።

«ማዳበሪያ ጨምረሃል።»

መፍቻውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ። «ጨምሬያለሁ።» እሷ ከሄደች ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ፣ ሁለት ቀን ሙሉ በእያንዳንዱ አገዳ ሥር እየጫረ ጨምሮ መልሶ አፈር እንዳለበሰው አልደበቃትም።

«ፈንገሱ ያለው በቀዩ በኩል መሆኑን ማን ነገረህ?»

«አንቺ።»

«እኔ ቃል አልተነፈስኩም።»

«ነጩን አይተሽ ታልፊያለሽ፤ ቀዩ ጋ ስትደርሺ ትቆሚያለሽ። ከተዘራ ጀምሮ ዓይንሽ የት እንደሚያርፍ ሳይ ነው የከረምኩት። ምን ላድርግ?»

በሌላ ቀን ይህን ቢላት ኖሮ ልቧ ይቀልጥ ነበር። ዛሬ እንባዋ ቀደማት። «ሦስት ዓመቴን ነው ያጠፋህብኝ» አለችው።

«አፈር ስሆን ስሚኝ። እንዳይወስዱሽ ብዬ ነው። ሲቀጭጭ እያየሁ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አልቻልኩም።» ድምፁ ዝቅ አለ። «ደግሞስ ማን ያውቃል? እኔ አልናገርም። ሰዎቹ መጥተው በቆሎውን ያያሉ፣ አንቺም እዚሁ ትቀሪያለሽ።»

እውነቱን ከተናገርን ፈተናው ቀላል አልነበረም። አፏን ብትዘጋ ሥራዋ ይቀጥላል፣ ይህ ሰውም ከጎኗ አይጠፋም። በሩን ተደግፋ አሰበችው፤ አሳቡ ጣፈጣት፣ መጣፈጡም አስፈራት።

«ባልናገር» አለች በመጨረሻ፣ «በሚመጣው ዓመት ጎረቤቶችህ ማዳበሪያቸውን ትተው የኔን ፈንገስ ብቻ ይዘራሉ፤ ይኼን በቆሎ ያሳደገው እሱ መስሏቸው። ባይሆንላቸውስ? ልጆቻቸው ምን ይበላሉ?»

በሕይወቱ የሚያውቃትን አንዲት ጥያቄ ጠየቀ። «ታዲያ እንዴት ነው የሚጠገነው?»

«አይጠገንም። ሳይነኩት ሲቀር ብቻ የሚድን ነገርም አለ።»

ልትወጣ ስትል ከኋላዋ ሆኖ፣ ጆንያው መጨረሻ ላይ እንዳለቀበት፣ ከቀዩ ማሳ በወንዙ በኩል ያሉት አራት መደዳዎች ማዳበሪያ እንዳልደረሳቸው ነገራት። ለአራት መደዳ የሚሆን ጆሮ አልቀራትም ነበር።

በጉብኝቱ ቀን አለቃዋ የምሥራቹን ለማሰማት ጉሮሯቸውን ሲጠራርጉ ቀድማቸው ተናገረች። ይህ በቆሎ ያደገው በማዳበሪያ ነው፣ ሙከራው ተበላሽቷል፣ ኃላፊነቱም የኔ ነው አለች። ስም አልጠራችም። ጠጋኙ ግን ኮፍያውን አውልቆ ከኋላ ወደ ፊት ወጣ።

«የጨመርኩት እኔ ነኝ። እሷ አታውቅም ነበር» አለ።

አባቱ ሰው ፊት አልተቆጡትም። ዞር ብለው ብቻቸውን ወደ ቤት አዘገሙ፤ ይህ ከቁጣ ይብሳል።

ፕሮጀክቱ በሳምንቱ ተዘጋ። ዕቃዋን ልትሰበስብ ስትመጣ እግሯ ወደ ወንዙ በኩል ወሰዳት፤ ከአራቱ መደዳዎች አንድ ተክል ነቅላ ሥሩን በጨርቅ ጠቀለለች። ጠጋኙ ሳጥኖቿን መኪናው ላይ ጫነላት። ቀና ብሎ አላያትም።

«ደህና ይሁኑ፣ ዶክተር» አላት። ከመለያየቱ ይልቅ «ይሁኑ» ማለቱ ወጋት።

በዋናው መሥሪያ ቤት፣ መስኮቱ ከግንብ ጋር በተፋጠጠ ክፍል ውስጥ፣ ያን ሥር ነክራ አየችው። ዳር እስከ ዳር ሰማያዊ ነበር። ክሩ ገብቶ፣ ተጠላልፎ፣ ቤቱን ሠርቷል። ልክ ነበረች ማለት ነው። ማይክሮስኮፑ አጠገብ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ አለቀሰች። አራት መደዳ ለማንም ማስረጃ አይሆንም፤ ማሳው ደግሞ ከአጨዳ በኋላ መታረሱ አይቀርም፣ ክሩም በማረሻ ተበጣጥሶ ያልቃል።

ስድስት ወር አለፈ። ሰዎች በፌስታል የሚልኩትን አፈር ትመረምራለች፣ ቁጥር ትጽፋለች፣ ፌስታሉን ትጥላለች። ስልኳን ስንቴ አንስታ ስንቴ እንዳስቀመጠችው እሷና ስልኩ ያውቃሉ። ንዴቱ ከወጣላት ቆይቷል። ናፍቆቱ ግን የሚወጣላት አልሆነም።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ሽማግሌው ደወሉ።

«ልጄ፣ ነይና ገላግይኝ» አሉ። «የዘር ጊዜ ደርሷል፤ ይኼ ልጅ መሬቴን አላሳርስ ብሎኛል።»

በማግስቱ ሄደች። ማሳው ከዳር እስከ ዳር ታርሶ ጠቁሯል። በወንዙ በኩል ብቻ ጠባብ ቁራጭ መሬት እንዳለች ቀርታለች፤ የአራት መደዳ የአገዳ ጉቶ ከነአረሙ ቆሟል። ጥግ ላይ የነበረው ቀይ ችካል ወድቋል፤ ቀለሙ ተላልጦ ግማሹ አፈር ውስጥ ተቀብሯል።

ጠጋኙ እጆቹን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከቶ ዳር ላይ ቆሟል። ከስቷል።

«ችካሉ ወድቋል» አለችው።

«አውቃለሁ። ነፋስ ነው የጣለው፣ እርስዎ በሄዱ በወሩ። በየቀኑ በዚህ በኩል አልፋለሁ።» ዓይኑን ወደ ችካሉ መለሰ። «አልነካሁትም።»

ችካሉን አየች፣ እሱን አየች። ይህ ሰው በሰው ቤት ግድግዳ ላይ የተንጋደደ ሥዕል አይቶ ሳያቃና የማይወጣ ሰው ነው። አምስት ወር ሙሉ በየቀኑ በዚያ ችካል አጠገብ ማለፍ ምን እንዳስከፈለው ከእሷ በስተቀር ማንም ሊያውቅ አይችልም። እስከ ዛሬ ትወደው ነበር፤ አሁን አመነችው።

ተንበርክካ አንዱን ጉቶ ነቀለችና ሥሩን በጣቷ አሸት አድርጋ አየችው። ክሩን የሚያሳየው ማይክሮስኮፕ ነው፤ ግን አፈሩ ሥሩ ላይ እንዴት እንደተጣበቀ አይታ ፈገግ አለች። የአንድ ወር እረፍት እንዳላት፣ ይህች ቁራጭ መሬት ለሚቀጥለው ዘር እርሾ ልትሆን እንደምትችል፣ ከባዶ መጀመር ቢሆንም መጀመር እንደሆነ ነገረችው። እሱ ቃሉን ሁሉ እንደ ዝናብ ቆሞ ተቀበለው።

«አሁን መትከል ትችላለህ» አለችው፣ ችካሉን ከአፈር እያወጣች። «እኔ ልያዝልህ።»

እጁን ከኪሱ አወጣ። መዶሻ ይዟል፤ ለካ ይህን ሁሉ ጊዜ እዚያ ጨብጦት ነበር። ሽማግሌው ከወዲያ ማዶ ሆነው፣ አራቱን መደዳ ውሰጂው ልጄ፣ ልጁንም መርቄልሻለሁ፣ ለእኔ እንደሆን አላረሰልኝም እያሉ ያጉረመርማሉ።

ቀዩን ችካል በሁለት እጇ ይዛ አቆመችው። መዶሻውን አነሳና ሳይመታ መልሶ አወረደው።

«ዝቅ አድርገሽ ያዢው» አላት። «እጅሽን እንዳልመታሽ።»

ዝቅ አድርጋ ያዘችው።