አርብ ቀትር ላይ የደፋሁት ፍል ውሃ

ያላመነ አይመን። እኔም ሰው ቢነግረኝ «አቦ ተወኝ!» ብዬ ነበር የማልፈው።

ግን ሆኗል። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ እጄ ሆኗል።

ደግሞ ሌሊት እንዳይመስላችሁ። መብራትም አልጠፋም። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን፣ አርብ ቀን፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት። ፀሐይዋ አናት የምትበሳበት ሰዓት ነው።

ናሁሰናይ እባላለሁ። ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የስፌት ማሽን እጠግናለሁ። ሚስቴ ጥሩወርቅ «የሰው ማሽን ታድናለህ፣ የቤትህ ዕቃ ይሞታል» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ታይዋን ገበያ የገዛነው ፍሪጅ በረዶ መሥሪያው፣ አይስ ሜከሩ፣ ከቆመ ሁለት ወር አልፎታል። እኔ «ነገ እሠራዋለሁ» እያልኩ...

የዚያን ቀን ጥሩወርቅ በጠዋት ለተዝካር ሐረር ሄደች። ስትወጣ ልጃችን ሶፊ ሰውነቷ ሞቅ ብሎ ነበር እንጂ ደህና ነበረች። ስድስት ዓመቷ ነው። ያለችን እሷ ብቻ ናት።

አራት ሰዓት ላይ ልጄ እሳት ሆነች።

ታቅፌያት ጤና ጣቢያ ሮጥኩ። ግቢው በትኩሳት በሽተኛ ሞልቷል። «ደንጊ ነው» አሉኝ። ሽሮፕ ሰጡኝና «ሰውነቷን አቀዝቅዝላት፣ ካልወረደላት መልሰህ አምጣት» አሉኝ።

በምን ላቀዝቅዛት? ድሬ የኖረ ያውቀዋል። በቀትር ከጣሪያው ታንከር የሚወርደው ውሃ ለሻይ የደረሰ ነው።

ጎረቤቴ ኤዶ ኒምኮ ከእንስራዋ ሁለት ጆግ ቀዝቃዛ ውሃ ሰጠችኝ። ኤዶ በሶማልኛ አክስት ማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጠራት። ፍሪጅ የላትም። ያንን ውሃ ጨርቅ እየነከርኩ ጨረስኩት።

በረዶ የሚሸጠው የዳሂር ሱቅ ለጁምዓ ተዘግቷል። ባለ ባጃጁ ዐብዲፈታሕ ጋ ደወልኩ።

«ወላሂ ነዳጅ ሰልፍ ላይ ነኝ ወንድሜ። በዘጠኝ ሰዓት እደርስልሃለሁ።»

ትኩሳቷን ለካሁት። አርባ ነጥብ ሁለት።

ሶፊን ሳሎን ውስጥ ፍራሽ አንጥፌ አስተኛኋት። ጥርሷ ይንገጫገጫል። ዓይኗ ከፊል ተከፍቶ ነጩ ብቻ ይታያል። «እናቷ ስትመጣ ምን እላታለሁ?» እያልኩ ካቻቢቴና ፒንሳ አነሳሁ።

ፍሪጁን ነቅዬ ከግድግዳው ሳብኩት። ከኋላ ውሃ የምታስገባዋን ቫልቭ ፈታሁ። የድሬ ውሃ ኖራ አለበት፤ ማጣሪያዋ ነጭ ድንጋይ ሆናለች። አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፌ በጥርስ ብሩሽ ፈገፈግኳት። ገጠምኩ።

ውሃ የለም።

ፍሪዘሩን ከፍቼ በስልኬ መብራት አየሁ። ውሃው የሚወርድባት ቀጭን ቱቦ አፏ ላይ በረዶ ቋጥራ ተደፍናለች። በማንቆርቆሪያ ውሃ አፈላሁ። ከስር ሳፋ ደቅኜ ቱቦዋ ላይ ቀስ እያልኩ አፈሰስኩ።

ጠብ... ጠብ... ጠብ...

ተከፈተች! ፍሪጁን ሰካሁት። ውሃው ሽርርር ብሎ በረዶ መሥሪያው ውስጥ ገባ። በደስታ ጮህኩ።

ከማንቆርቆሪያው የተረፈውን ፍል ውሃ እየተጣደፍኩ ከበሩ ላይ ሆኜ ወደ ግቢ ደፋሁት። ግቢያችን ውስጥ ያለው ኒም ዛፍ ስር አረፈ።

አንድ አጭር ጩኸት ሰማሁ።

ድመት መሰለችኝ። አየሁ። ድመት የለም። ምንም የለም።

«ወሪያ ናሁ!» አለች ኤዶ ኒምኮ ከአጥሩ ማዶ። «ፍል ውሃ ነው የደፋኸው?»

«አዎ ኤዶ።»

«ቢስሚላሂ ብለሃል?»

«ኤዶ፣ እኔ እኮ ክርስቲያን ነኝ።»

«ታዲያ በስመ አብ አትልም? በቀትር? ዛፍ ስር? ዝም ብለህ?»

እናቴም «በቀትር ፍል ውሃ አትድፉ፣ ብትደፉም ስም ጥሩ» ትል ነበር። የክርስቲያኑም የእስላሙም እናት የሚስማሙበት ነገር ነው። ግን ልጅህ እየነደደች ማን ያስታውሳል?

«የማይታዩትን ይቅርታ በላቸው» አለች ኤዶ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አሁኑኑ በላቸው።»

አላልኩም። ሥራ አለብኝ ብዬ ገባሁ።

ሰባት ሰዓት ሲሆን የመጀመሪያው በረዶ ወረደ። ጓ... ጓ... ጓ... ስምንት ጊዜ። በሩጫ ከፈትኩት።

መያዣው ባዶ ነው።

እጄን አስገብቼ ዳበስኩ። እርጥብ ነው፤ በረዶ ግን የለም። ተሰብሮ ይሆን? ከስር አየሁ። ከኋላ አየሁ። ያበድኩ መሰለኝ። ደግሞ ውሃው ሽርርር ብሎ ገባ። ሌላ አንድ ሰዓት መጠበቅ ነው።

ሶፊን ለካኋት። አርባ ነጥብ አምስት።

ዐብዲፈታሕ ጋ ደወልኩ። አይነሳም። ጥሩወርቅ ጋ ደወልኩ። ኔትወርክ የለም። ልጄን በሁለት እጄ ይዤ ለመውጣት በሩ ጋ ደረስኩ፤ ሙቀቱ እንደ ምድጃ ፊቴን ሲለበልበኝ ተመለስኩ። በዚያ ፀሐይ አስፋልቱ ላይ ትሞትብኛለች ብዬ ፈራሁ።

ስምንት ሰዓት ላይ ፍሪጁ ፊት ተንበርክኬ ነበር። ጓ... ጓ... ጓ... ስምንቱን ቆጠርኩ። ከፈትኩት።

ባዶ።

የፍሪዘሩ ግድግዳ ላይ ያለው አመዳይ የእጅ ቅርጽ ይዟል። ጣቶቹ በጣም ረጃጅም ናቸው። ከፍሪጁ እስከ በሩ ደግሞ ወለሉ ላይ የውሃ ጠብታ ተደርድሯል። ጠብታው በሩን አልፎ፣ ግቢውን አቋርጦ፣ ኒሙ ስር ይሄዳል። ሲሚንቶው እንቁላል ይጠብሳል፤ ጠብታው ግን አልደረቀም።

«አባ...»

ሶፊ ነበረች። ዓይኗ እንደተጨፈነ ነው።

«ወዬ የኔ ልጅ...»

«በረዶውን ሴትየዋ ወሰደችው።»

«የቷ ሴትዮ?»

«ለልጇ ነው። ተቃጥላለች። ውሃ ደፍተውባት...»

ፍል ውሃውን ስደፋ ሶፊ ራሷን አታውቅም ነበር። ከአጥሩ ማዶ ያወራነውንም አልሰማችም።

«ይቅርታ» አልኩ። ለማን እንደምናገር ሳላውቅ፣ ወደ በሩ ዞሬ ደጋግሜ አልኩት። «ይቅርታ... አላየሁም... በእመቤቴ፣ አላየሁም...»

ዛፉ ላይ ያሉት ወፎች በአንዴ ዝም አሉ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲቃረብ ፍሪዘሩን ከፍቼ ሁለት መዳፌን ከበረዶ መሥሪያው ስር ዘረጋሁ። ባጃጁ አልመጣም። ሶፊ መንገጫገጯንም ትታለች። እንደዚያ ጸጥ ማለቷ ከሁሉም በላይ አስፈራኝ።

አንዱ ወደቀ። ሁለት። ሦስት... ስምንቱም እጄ ላይ ወደቁ።

ያኔ ከላይ የሆነ እጅ እጄ ላይ አረፈ።

አይታይም። ግን እጅ ነው። ሻካራ ነው፤ ይንቀጠቀጣል።

«ግማሹን...» አለችኝ። ጆሮዬ ስር ነው ያለችው። «እባክህ... አራቱን ብቻ...»

ድምጿ የሚያስፈራ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እተኛ ነበር። የሚያስፈራ አልነበረም። የጨነቃት እናት ድምፅ ነው። እኔም ጠዋት ጤና ጣቢያ «እባካችሁ» ስል ድምፄ እንደዚያው ነበር።

አራቱን መስጠት እችል ነበር። በልጄ አልዋሽም፣ እችል ነበር።

«የኔም እየሞተችብኝ ነው!» ብዬ እጄን ከእጇ መነጨቅኩ። ስምንቱንም ደረቴ ላይ አቅፌ ሮጥኩ። በጨርቅ ጠቅልዬ አንገቷ ስር፣ ብብቷ ስር፣ ግንባሯ ላይ አደረግኩላት።

ሠላሳ ዘጠኝ ተኩል... ሠላሳ ዘጠኝ... ሠላሳ ስምንት...

ላብ አላባት። «ውሃ» አለችኝ። አጠጣኋት። ግንባሬን መሬት ላይ ደፍቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ተመስገን! ተመስገን አልኩ!

በዚያችው ቅጽበት ከኒሙ ስር አንዲት ሴት ጮኸች።

አንድ ጊዜ ብቻ። ልጅ የሞተባትን ሴት ጩኸት የሰማ ሰው አይሳሳትም። ጆሮዬን በሁለት እጄ ደፈንኩ።

ከዚያ በኋላ ፍሪጁም፣ ግቢውም፣ ሁሉም ጸጥ አለ። ሶፊ ተኛች። የጤና እንቅልፍ ነበር፤ ትንፋሿን እየቆጠርኩ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

አሥር ሰዓት ላይ የግቢው በር ተንኳኳ... ተከፈተ። የጥሩወርቅን ጫማ ድምፅ አወቅኩት። ግን ወዲያው አልገባችም። ግቢው ውስጥ ቆም ብላ ከሰው ጋር ታወራለች። ቀስ ብላ ነው የምታወራው። ብዙ ቆየች።

ስትገባ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ናሁ፣ ሰው ሞቶ ዝም ትላለህ?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ማን... ማን ሞተ?»

«ግቢያችን ለቅሶ ተቀምጠው የለ እንዴ! ኒሙ ስር፣ ሴቶች ብቻ። የማን ዘመዶች ናቸው? የኤዶ ኒምኮ እንግዶች ናቸው?»

በመስኮት አየሁ። ዛፉ ስር ማንም የለም። የደረቀ ቅጠል ብቻ ነው።

«ሕፃን ልጇ ናት አሉ የሞተችባት» አለች ጥሩወርቅ ዓይኗን እየጠረገች። «አንጀቴን በላችው። እግዜር ያጽናሽ አልኳት። ቀና ብላ ምን ብላ እንደጠየቀችኝ ታውቃለህ? ‹ያንቺ ልጅ ተሻላት?› አለችኝ። ምን ሰምታ ነው? ሶፊ ምን ሆና ነበር?»

ክንዷን ያዝኩት።

«ጥሩ... አንቺ ምን አልሻት?»

«ምን እላታለሁ? ሐዘንተኛ ፀሐይ ላይ ጥዬ ልግባ? ‹ግቢና ከቤት አረፍ በይ› አልኳት እንጂ። ይኸው ከኋላዬ እየመጣች ነው።»

ዞሬ አየሁ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ደፉ ላይ ሁለት እርጥብ የእግር ዱካ አለ። ወደ ውስጥ የዞረ ነው።

ሶፊ ነቅታለች። እኔንም እናቷንም አላየችም። ከኛ አልፋ ሌላ ሰው ታያለች። ከዚያ ማንም ሳይነግራት ወደ ግድግዳው ጠጋ አለችና፣ ፍራሹ ላይ ከጎኗ ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ ለቀቀች።

የፍራሹ ጠርዝ ቀስ እያለ ወደ ታች ጎደጎደ።