የአርባ አንደኛው መቃብር እርማት

የእድሩ መዝገብ ያዥ ይርዳው በሸሕዲ የእድር ቢሮ ውስጥ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ ሞቶ ተገኘ። አጠገቡ ግማሽ ብርጭቆ ከርከዴ ነበር። የጤና ጣቢያው ሐኪም ብርጭቆውን አሸተተና «የአረም መድኃኒት ገብቶበታል፤ ሰውየው ከስድስት ሰዓት ተኩል አላለፈም» አለ።

ከተማውን ያስፈራው ግን ሬሳው አይደለም፤ ኮምፒውተሩ ነው። በሰባት ሰዓት፣ ይርዳው ከሞተ ከግማሽ ሰዓት በኋላ፣ በእሱ ስም አንድ ጽሑፍ ጸድቋል። ሸሕዲ ላይ ሰው በቀትር ፀሐይ ቆሞ «ሙት አጸደቀ» እያለ ያንሾካሹክ ጀመር። በቢሮው በር ማለፍ የተወም አለ።

ኢንስፔክተር ስመኝ ሙትን አትፈራም። የምትፈራው ሕያዉን ነው። ወንበር ስባ ከይርዳው ረዳት ከወንድማገኝ አጠገብ ተቀመጠች።

«እኔ ኮምፒውተር አላውቅም። እንደ ሕፃን አስረዳኝ።»

«ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ ወርደው ያለ ዘመድ የሚሞቱ ሠራተኞች አሉ። እድራችን ይቀብራቸዋል። የተረፋቸውን ዕቃ ፎቶ አንሥተን ከነማብራሪያው እዚህ እናስገባለን። ዘመድ በስልኩ ያየዋል።»

«ማብራሪያውን ማንም ይቀይረዋል?»

«አይቀይርም። እርማት ይልካል እንጂ። የላከው ከአሮጌው ጎን ሆኖ ይጠብቃል። ጋሼ ይርዳው መርምሮ ካላጸደቀው አይገባም። አሮጌውም አይጠፋም፤ ከሥር ይቀመጣል። እሱን የሚያየው ጋሼ ብቻ ነው፤ የይለፍ ቃሉን ለእኔም አልሰጠኝ።»

«የሞተ ዕለትስ?»

«ገጹ በእሱ ስም እንደተከፈተ ነው የተገኘው።»

ከሦስት ዓመት በፊት ስሙ ሳይታወቅ በተቀበረው ሟች፣ በአርባ አንድ ቁጥር መቃብር ላይ፣ ሁለት እርማት ተልኮ ነበር። አንዱ ከጠለምት የመጣችው ትርሐስ ሰው አስጽፋ የላከችው ነው፤ «ወንድሜ ምናለ ነው» ይላል። ሌላው ይርዳው ከመሞቱ በፊት በነበረው ቀን ያለ ስም የተላከ ነው፤ «የወሎ ሰው አለምሰገድ ነው። የሽንፋ ወንዝ ወስዶት ሞተ። ኮንጎ ጫማው ተረከዙ ሥር በሽቦ የተሰፋ ነው» ይላል። የጸደቀው ይኼኛው ነው።

«ጋሼ በሞተበት ጠዋት ሦስታችን ፊት ተናግሯል» አለ ወንድማገኝ። «‹ያለ ስም የመጣውን አላጸድቅም። ነገ ፖሊስ መቃብሩን ይክፈተው› አለ። እኔ፣ ትርሐስና የሰሊጥ ባለ እርሻው ጋሼ አዛናው ነበርን። ከርከዴው መስኮቱ ላይ ነበር፤ ሁልጊዜ ከምሳ በፊት ይጠጣል።»

ትርሐስ ደጅ ጥላ ሥር ተቀምጣለች።

«ከይርዳው ጋር ተጣልተሻል አሉ።»

«ተጣልቻለሁ። ‹የጫማውን ምልክት ንገሪኝ› አለኝ። ጫማውን እዚህ ነው የገዛው፣ ከየት አውቄ? ፎቶው ላይ ያለውን ማተብ የፈተልኩት እኔ ነኝ ብለው ‹ማተብ ሁሉ ይመሳሰላል› አለኝ።» ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። «ሦስት ዓመት ስም የለውም። ቄሱ በማን ስም ይፍቱት? አሁን ደግሞ የሌላ ሰው ስም ጫኑበት።»

«ማን ዘንድ ነበር የሚሠራው?»

«አዛናው ከሚባል ባለ እርሻ ዘንድ ነኝ ብሎ ደውሎልኝ ነበር።»

አዛናው ፒካፑን ተደግፎ ጥርሱን ይፍቃል።

«በዓመት ሁለት መቶ ሠራተኛ አስገባለሁ፣ እመቤቴ። ይህን ልጅ ግን በዓይኔ አላየሁትም። እዚህም የመጣሁት የእድሩን ድንኳን ልዋስ ነው።»

«የተላከውን እርማት አይተውታል?»

«ሙት ያጸደቀውን እኔ ምን ልጨምርበት?» ብሎ ሳቀ።

የቢሮው ዘበኛ አብዱረሕማን አልሳቀም። «ለዙሁር ሶላት ከስድስት ተኩል እስከ ሰባት ተኩል መስጊድ ነበርኩ» አለ። «በሩ ክፍት ነበር።»

ስመኝ ተመልሳ ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አየችው። ጫማው ከላይ የተነሣ ነው፤ ሶሉ መሬት ነክቷል። ከዚያ ወንድማገኝን ተከፍቶ ከቀረው የይርዳው ገጽ አሮጌዎቹን ጽሑፎች ከሥር እንዲያወጣ አዘዘችው።

በማግስቱ ጠዋት አራቱንም ቢሮው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። የይርዳው ወንበር ባዶ ነበር፤ ቦታ ቢጠብም ማንም አልተቀመጠበትም።

«መጀመሪያ ሙቱን እንተወው» አለች ስመኝ። «ይርዳው ሲያጸድቅ ‹ለአቅራቢው አንብቤ አሰማሁ› ብሎ ሳይጽፍ አጽድቆ አያውቅም። ይኼኛው ላይ ምንም የለም። አብዱረሕማን ሶላት ላይ ሳለ የገባ ሕያው ሰው ነው ያጸደቀው።»

«ማን?» አለች ትርሐስ።

«ቆይ። ይርዳው ብልህ ሰው ነበር። ከእያንዳንዱ ማብራሪያ አንድ ምልክት ያስቀራል፤ ሐሰተኛ ዘመድ የሚፈተንበት። የአርባ አንድን ከሥር አገኘነው። ‹ተረከዙ ሥር ሽቦ› ብሎ ጽፎ፣ በማግስቱ ‹ለዘመድ መጠየቂያ ይቆይ› ብሎ አንሥቶታል። ፎቶውም አያሳየውም። ጫማው አብሮ ተቀብሯል፤ የገነዘውም ይርዳው ነው። ታዲያ ያለ ስም የላከው ሰው ሽቦውን ከየት አመጣው?»

አራቱን በየተራ አየቻቸው።

«ወንድማገኝ ከሥር ያለውን ማየት አይችልም ነበር፤ እርማቱ ሲላክ ይርዳው በሕይወት አለ። ትርሐስ ብታውቀው ኖሮ ያኔውኑ ወንድሟን ታገኝ ነበር። ሽቦውን የሚያውቅ ልጁ በሕይወት ሳለ እግሩን ሲያነሣ ያየ ሰው ነው። ማብራሪያው ሽቦውን የረሳ መሰለውና ውሸቱ እንዲታመን ጨመረው።» ወደ አዛናው ዞረች። «ልጁ ከእርስዎ ዘንድ ነበር። እርስዎ ደግሞ በዓይኔ አላየሁትም ብለዋል። ይርዳው መቃብሩ ይከፈት ሲል ሰምተው መስኮቱ ላይ ያለው ከርከዴ ውስጥ የአረም መድኃኒት ጨመሩ፤ ዘበኛው ሶላት ሲሄድ ተመልሰው እርማትዎን አጸደቁ።»

«ይህ ማስረጃ ነው?»

«መቃብሩ ዛሬ ይከፈታል። ወንዝ ሰው ያሰምጣል እንጂ አጥንት አያደቅም።»

አዛናው መፋቂያውን ከአፉ አወጣ።

«ትራክተሩ ሥር ጥላ ፈልጎ ተኝቶ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ወደ ኋላ ስመልስ አላየሁትም።»

«ሽቦውንስ?»

«እኔ ነኝ የሰጠሁት። ጫማው ተቀዶበት አሳዘነኝ።»

ፖሊሶች ወሰዱት።

የእድሩ ሰብሳቢ ወንድማገኝን በይርዳው ቦታ ተካው። ወንድማገኝ የሐሰቱን ሽሮ የትርሐስን እርማት አጸደቀ፤ ማንበብ ስለማትችል ጮክ ብሎ አነበበላት።

«ምናለ፣ የጠለምት ሰው፤ ዕድሜው ሃያ ሦስት።»

«አስራ ሰባት ነው» አለችው።

«ሲቀጠር ሃያ ሦስት ነኝ ብሏል አሉ።»

«እንዲቀጥሩት ዋሽቶ ነው።»

ወንድማገኝ ስመኝን አየ። ከዚያ ዕድሜውን አስራ ሰባት ብሎ አረመ።

«እርማቱን ያቀረበው ማነው ልበል?»

«እህቱ በል።»

ጽፎ አነበበላት። እስኪጨርስ ጠበቀችው። ከዚያ ነጠላዋን ለሐዘን አዘቅዝቃ ለበሰችና፣ ሦስት ዓመት ‹ይመጣ ይሆናል› እያለች የያዘችውን ልቅሶ ልታለቅስ ወደ መቃብሩ ወጣች።